ከዓሣ ጋር የተገለልኩበት ሰሞን

ዓሣ ኩፍኝ ወጥቶበት አይቻለሁ ብልህ ታምነኛለህ? አታምነኝም። እኔ ግን አብሬው አንድ ክፍል ውስጥ ኖሬአለሁ። ያውም ብቸና። ያውም የባሕር ዓሣ።

ቆይ፣ አትሳቅ። ብቸና ባሕር እንደሌላት አውቃለሁ። እኛ ባሕር የምናውቀው በካርታ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ነው። ከዚያ የተረፈው ዓባይ በረሃን ስንወርድና ስንወጣ ከድልድዩ ላይ የምናያት ቡናማ ውኃ ናት። እሷንም ቢሆን አውቶቡሱ ፍሬን ይበጠስበት ይሆን እያልን ስለምንጸልይ በደንብ አናያትም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ከኮሌጅ ወጥቼ የሳይንስ መምህር ሆኜ ብቸና ተመደብኩ። የሳይንስ መምህር መሆኔን ልብ በልልኝ፤ ኋላ ላይ የማፍርበት እሱን ነው። ቤት ስፈልግ ጋሽ ደምለው የሚባሉ ሰው ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን አንድ ክፍል አከራዩኝ።

ጋሽ ደምለው የሞጣ ሰው ናቸው። ገና በጎረምሳነታቸው ባሕር ኃይል ገብተው ምጽዋ ላይ የመርከብ ሜካኒክ ሆኑ። አንድ ቀን ከመርከቡ ሆድ ውስጥ የብረት ቱቦ ወድቆ እግራቸውን ሰበራቸውና በጡረታ ተሰናበቱ። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ የብቸና ልጅ ስለነበሩ ብቸና ተቀመጡ። ልጅ የላቸውም። ሌላው ሰው ከውትድርና ሲመለስ ኮት፣ ሬዲዮ፣ አንዳንዱም የማያባራ ወሬ ይዞ ይመጣል። እሳቸው ይዘው የመጡት ዓሣ ነው።

ሳሎናቸው ውስጥ፣ ሌላው ሰው ቁም ሳጥን በሚያቆምበት ቦታ፣ ራሳቸው የበየዱት የብረት ፍሬም ላይ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። ውስጡ አሸዋ፣ ከባሕር የመጣ ድንጋይ፣ ከድንጋዩም በላይ ሦስት ዓሦች። አንደኛው ብርቱካንማ ሆኖ ነጭ ቀበቶ የታጠቀ ነበር። ስሙ ካፒቴን ነው። አንዷ ቢጫ፣ አንዷ ደግሞ ጥቁርና ነጭ። ካፒቴንን ከምጽዋ በጣሳ፣ በጉልበታቸው መካከል ይዘው እንዳመጡት ሲናገሩ በዓይኔ አላየሁም እንጂ፣ እንዴት እንደተቀመጡ ሁሉ ይታየኝ ነበር።

እንዴት ይኖራሉ ትላለህ? እኔም ጠይቄአለሁ። የባሕር ዓሣ ጨዋማ ውኃ ይፈልጋል፤ አሰብ የሚመላለስ ሾፌር ወዳጃቸው ውኃውን በጀሪካን እስከ አዲስ አበባ ያመጣላቸዋል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ብቸና ይገባል። የባሕር ዓሣ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከገንዳው ሥር ፋኖስ ይለኮሳል። የባሕር ዓሣ አየር ይፈልጋል፤ መብራት የለ፣ ሞተር የለ፣ ስለዚህ የጭነት መኪና ጎማ ካላማዳሪያ በብስክሌት መንፊያ ይነፉና በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ውኃው እንዲተነፍስ ያደርጉታል። ብልጭ ብልጭ እያለ አረፋው ሲወጣ እንቅልፍ ያመጣል። ጨውነቱንስ? በፔኒሲሊን ብልቃጥ። ብልቃጧ ውስጥ አሸዋ ጨምረው ከድነዋታል፤ እውነተኛ የባሕር ውኃ ላይ ስትንሳፈፍ እስከምትሰምጥበት ልክ ላይ ቀይ ክር አስረውባታል። ውኃው ከቀጠነ ክሩ ይሰምጣል፣ ከወፈረ ክሩ ከፍ ይላል። እኔ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ስለ ጥግግት ተምሬ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም።

የሚበሉት የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልና የደቀቀ ሥጋ ነው። በሁዳዴ እትዬ ሙሉ በገዛ ቤቴ ሥጋ አይከተፍም ብለው ተቆጡ። ነገሩ ጎረቤታችን መሪጌታ ይባቤ ዘንድ ቀረበ። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከአፋቸው የሚወጣ ቃል ሁሉ ሁለት ፊት አለው። ገንዳውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ ከጨው ውኃ የወጣ ሁሉ ጨዋ ነው፣ ጨዋ ደግሞ ጾም አያውቅም፣ ተዉት ይብላ አሉ። በቅኔ ቤት «ጨዋ» የሚባለው ያልተማረ ሰው ነው። ያን ሲሉ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞሮ ነበር። እኔም ያን ቀን ጥብስ በልቼ ነበርና ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ኩፍኙ ልምጣልህ።

አንድ ቀን ሾፌሩ ከውኃው ጋር አዲስ ዓሣ ላከ። ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ ጅራቱ ቢጫ። እንደ ቀለም እስክሪብቶ ክዳን የምታህል። ደስ አለኝ፤ አሁን ገንዳው ውስጥ ሊጨመር ነው ብዬ ቀድሜ ሳሎን ገብቼ ቆምኩ። ጋሽ ደምለው ግን ጀሪካኑን ይዘው እያነከሱ በሳሎኑ በር አልፈው ሄዱ። ወዴት? ወደ እኔ ክፍል።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉኝ። ከሌላ አገር መርከብ ሲመጣ ወዲያው ወደብ አይገባም። በሽታ ይዞ እንደሆነስ? ቢጫ ባንዲራ ሰቅሎ ለብቻው ራቅ ብሎ ይቆማል። ጥንት አርባ ቀን ይቆም ነበር። ኳራንቲን ይባላል። አዲስ ዓሣም እንደ አዲስ መርከብ ነው። ደህና ይመስላል፣ ይዋኛል፣ ይበላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን በሽታ ይዞ ይሆናል። ገና እንደመጣ ከነባሮቹ ጋር ቀላቅለኸው እንደሆነ በሳምንቱ አራቱንም ታወጣቸዋለህ። ስለዚህ ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ውኃ፣ ሌላ ቤት ያስፈልገዋል። ሌላው ቤት የኔ ሆነ።

አልጋዬ ግርጌ ትልቅ ሳፋ ተቀመጠ። የራሱ ፋኖስ፣ የራሱ ካላማዳሪያ፣ የራሱ ኩባያ፣ የራሱ የተወጠረ የሻሽ መረብ። ሕጉም ተነገረኝ። እሱን የነካ እጅ ትልቁን ገንዳ አይነካም። የእሱ ኩባያ ሳሎን አይገባም። መጀመሪያ የነባሮቹን ጨርሼ ነው የእሱን የማየው እንጂ ተገላቢጦሽ አይሆንም። ስንት ቀን? አርባ ቀን። ይህን የሰሙት መሪጌታ ይባቤ፣ ፈረንጆቹ ከእኛ ነው የወሰዱት፣ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ አይደል እንዴ ብለው ተደሰቱ። ለዓሣው የነበራቸው ግምት ያን ቀን ከፍ አለ።

ጋሽ ደምለው ነገር ሲያደርጉ አጉድለው አያውቁም። በሬ ላይ ቢጫ ጨርቅ ሰቀሉ።

ያ ዘመን ደግሞ ባንዲራ ተሰቅሎ ዝም የሚባልበት ዘመን አልነበረም። በማግስቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ፈንቴ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ጓድ ፈንቴ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሊቀመንበር ነበር።

«ይህ ቢጫ ጨርቅ የየትኛው ድርጅት ምልክት ነው?» አለ።

«የበሽታ ነው» አሉ ጋሽ ደምለው።

«የምን በሽታ?»

«የዓሣ።»

ጓድ ፈንቴ ገብቶ ሳፋው ላይ አጎነበሰ። ትንሹ ሰማያዊ ዓሣ ቀና ብሎ አየው። ተያዩ።

«ምን አጥፍቶ ነው ለብቻው የተያዘው?»

«ገና ምንም አላጠፋም። እስኪጣራ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«አርባ ቀን።»

ጓድ ፈንቴ ቀና አለና ጋሽ ደምለውን በመገረም አያቸው። «ቀኑን ቆርጠው ነገሩት?» አለ።

ጥበቃዎቹ ሳል ያዛቸው። በኋላ ሳስበው፣ ያን ጊዜ አገር ውስጥ ከተያዙት ሁሉ የሚፈታበትን ቀን የሚያውቀው ያ ዓሣ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ተነስቼ ሳፋውን ሳይ፣ ሰማያዊው ገላ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቷል። እንደ ጨው ቅንጣት። ዓሣው ሰውነቱን ከሳፋው ጋር ያክካል። ሮጬ ጠራኋቸው። ጋሽ ደምለው አዩና አልደነገጡም፤ እንዲያውም ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ደስታ ነበር። «አየህ?» አሉኝ። «ያን ቀን ሳሎን አስገብተኸው ቢሆንስ?» ከእንስሳት ሐኪሙ ሰማያዊ የመዳብ ጨው አምጥተው በትልቅ ጠርሙስ ውኃ በጠበጡ። ከዚያ ላይ በመርፌ ሲሪንጅ እየለኩ በቀን የተወሰነች ጠብታ ሳፋው ውስጥ ይጥላሉ። ስትበዛ ዓሣውን ራሱን ትገድላለች፣ ስታንስ በሽታውን አትገድልም። የኔ ሥራ ነጠብጣቡን በየጠዋቱ መቁጠር ነበር። ቀኝ ጎኑን ቆጥሬ ግራውን እንዲያሳየኝ እለምነዋለሁ።

ወሬው ከግቢ ወጣ። መምህሩ ቤት ያለው ዓሣ ኩፍኝ ወጣበት ተባለ። ከዚያማ ተወው። ጎረቤት ልጆቹን ወደ እኛ አጥር እንዳይጠጉ ከለከለ። ኩፍኝ ሽታ አይወድም ተብሎ በእኔ ክፍል በኩል ሽንኩርት መቁላት ቀረ። ወይዘሮዎቹ ሰላም የሚሉኝ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ነው። የከፋኝ ይመስልሃል? ማርክ ጨምርልኝ የሚል ተማሪ ጠፋ። የሌሊት ጥበቃ፣ የሮንድ ተራዬ ሲደርስ ማንም በሬን አያንኳኳም። ከስብሰባ ብቀር ምክንያት አልተጠየቅኩም፤ እንዲያውም ስመጣ ነበር ዙሪያዬ ሦስት ሦስት ወንበር ባዶ የሚሆነው። ከተመደብኩ ጀምሮ እንደዚያ ሰሞን አርፌ አላውቅም። ማታ ማታ ደብተር እያረምኩ የተማሪዎቹን ስህተት ለዓሣው አነብለት ነበር። እሱም ይሰማል። ሌላ ምን ያድርግ?

በሃያኛው ቀን ገደማ፣ ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ያረፉት የጋሽ ደምለው እኅት የአርባ ቀን ተዝካር ደረሰ። ሞጣ ነው የሚደገሰው። ባልና ሚስቱ መሄድ አለባቸው፤ ሦስት ቀን። ዓሦቹስ? ለኔ ተሰጡ።

ጋሽ ደምለው አንድ ሙሉ ከሰዓት አስተማሩኝ። ፋኖሱ እንዳይጠፋ። ካላማዳሪያው በቀን አራት ጊዜ ይነፋ። ምግብ ቁንጥር ብቻ። ሌላም አሉኝ፤ ውኃው በሙቀቱ ይተንናል፣ ጨው ግን አይተንም፣ ስለዚህ ሲጎድል የባሕር ውኃ ሳይሆን ከምንጭ የተቀዳ አንድ ጣሳ ጨምርበት። ገባኝ አልኩ። በእውነትም ገብቶኝ ነበር። ችግሩ፣ ከገባኝ በላይ ገብቶኛል ብዬ ማሰቤ ነው።

በሄዱ ማግስት ጠዋት ጓድ ፈንቴ እየሮጠ መጣ። ከደብረ ማርቆስ የክፍለ ሀገሩ ልዑካን ዛሬ ቀትር ላይ ይደርሳሉ አለ። ትምህርት ቤቱን ያያሉ፣ የኅብረት ሱቁን ያያሉ፣ ከዚያ ደግሞ እሱ የጻፈላቸውን ነገር፣ የሰፊውን ሕዝብ የፈጠራ ውጤት፣ የብቸናን የባሕር ዓሣ ያያሉ። ሳሎን ገብቶ ገንዳውን አየና ፊቱ ጠቆረ። ውኃው እውነትም ትንሽ አረንጓዴ ብሏል።

«በዚህ ቆሻሻ ውኃ ነው እንግዳ የምንቀበለው?» አለኝ። «ንጹሕ ውኃ አይደረግለትም?»

እኔ ምን ልበል? የሳይንስ መምህር ነኝ። አሰብኩ። አንድ ጣሳ የምንጭ ውኃ ይጨመራል ተብሏል። አንድ ጣሳ የሚጠቅም ከሆነ ብዙ ጣሳ የበለጠ አይጠቅምም? አየህ የት እንደሳትኩ? ጨው አይተንም ያሉኝን ትቼ ምንጭ ያሉኝን ያዝኩ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ ፍርሃትም ነበረበት። አይሆንም፣ ባለቤቱ እስኪመጡ አይነካም ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ጥበቃዎቹ በባልዲ ቀዱ። እኔ ውኃውን በምድጃ ለብ አደረግኩ፤ ዓሦቹን እንዳይበርዳቸው በክርኔ እየለካሁ። እንዲያውም በራሴ ኮራሁ። ከአሰብ እስከ ብቸና በጀሪካን ተጭኖ የመጣውን ባሕር እየጨለፍን የእትዬ ሙሉ ጎመን ላይ ደፋነው። ገንዳው እንደ ምንጭ ጠራ። ዓሦቹ ወዲያ ወዲህ ይወራጫሉ። ጓድ ፈንቴ፣ አየህ እንዴት እንደተደሰቱ አለ። እኔም እንደተደሰቱ አየሁ።

የእኔ ክፍልስ? የሳፋው ውኃ ከገንዳውም በላይ ነበር የቆሸሸው። ጥበቃዎቹ ባልዲ ይዘው እስከ በሩ ሄዱ፤ ቢጫውን ጨርቅ አዩና ተመለሱ። ኩፍኝ ያለበት ቤት አንገባም አሉ።

ልዑካኑ መጡ፣ አዩ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። መሪያቸው ወፈር ያለ ካኪ ለባሽ ነበር፤ መስታወቱን በጣቱ አንኳኩቶ፣ በርቱ አለ። መኪናቸው ከዓይን እንደተሰወረ ወደ ሳሎን ተመለስኩ። ቢጫዋ በጎኗ ተኝታ አሸዋው ላይ ነች። ጥቁርና ነጯ ከውኃው ገጽ ላይ። ካፒቴን ብቻ ድንጋዩን ተደግፎ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ያኔ ነው የገባኝ። ሁለት ዓመት የተማርኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። ተጠባባቂ የባሕር ውኃ ያለባት አንድ ጀሪካን ነበረች፤ በባልዲ ገልብጬ ካፒቴንን በእጄ አንስቼ ከተትኩት። ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ።

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግርህም። ጠዋት ሳፋውን በሚታመን ሰው እጅ ማስቀመጥ ነበረብኝና መሪጌታ ይባቤን ለመንኳቸው። እሳቸው በቅኔ አልመለሱልኝም። «ሂድ፣ ራስህ ንገረው። ፋኖሱን እኔ አያለሁ» አሉ። የሞጣውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አለፍን። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ካላማዳሪያውን አውጥቶ ሲለጥፍ ሳይ ዞር ብዬ ገደሉን አየሁ።

ሞጣ ስደርስ ዳሱ ሞልቷል። ምን ብዬ እንደምጀምር በመንገድ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ጋሽ ደምለውን ከቄሶቹ አጠገብ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠው ሳያቸው የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋና ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። በአርባ ቀኑ ሰው ያን ያህል አያለቅስም። ዳሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«አይዞህ ልጄ። በምን ታውቃት ነበር?» አሉኝ።

የባሰ አለቀስኩ።

«ደግ ነበረች እኮ» አሉ፤ እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። ከጎናቸው ያሉትም ተከተሉ። ጠላ ቀረበልኝ። ምርጥ ምርጡ ሥጋ ተመርጦ ፊቴ ተቀመጠ። ከቅርብ ዘመድ በላይ ተከበርኩ። በሕይወቴ አይቻቸው በማላውቃቸው ሴት ተዝካር ላይ ዋና ሐዘንተኛ ሆንኩ።

ጋሽ ደምለው እያነከሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ በቀስታ።

«ሦስቱም።»

«ካላማዳሪያው ተንፍሶ ነው?»

«አይደለም።»

«ፋኖሱ ጠፍቶ?»

«አይደለም ጋሼ። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጓድ ፈንቴን ቀነስ፣ ራሴን ጨመር አድርጌ። ሲሰሙ አላቋረጡኝም።

«ውኃውን ለብ አድርገኸዋል?»

«አዎ።»

«በምን ለካህ?»

«በክርኔ።»

«እንደ ሕፃን ልጅ» አሉ። «አብረውኝ መርከብ ላይ ከነበሩት ዛሬ የት እንዳሉ የማላውቃቸው ብዙ ናቸው» አሉኝ። «ይኑሩ ይሙቱ የሚነግረኝ የለም። ካፒቴን ግን የት እንዳለ አውቅ ነበር። ጠዋት ስነሳ እዚያው ነበር።»

እኔ መሬቱን አየሁ። መቆጣታቸውን ስጠብቅ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አዲሱስ?» አሉ በመጨረሻ።

«እሱ አለ። ማንም አልነካውም።»

«እንዴት ሳትቀይርለት ቀረህ?»

«ጥበቃዎቹ ኩፍኙን ፈርተው አንገባም አሉ።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ነበር። ሳቅ ነው። እንደ ምንም ሊያፍኑት ሞከሩ፣ አልሆነም፤ በእኅታቸው ተዝካር ላይ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እትዬ ሙሉ ከሩቅ ዓይናቸውን አፈጠጡ።

«እኔ ሞኝ» አሉኝ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «ነባሮቹን ከእንግዳው ላድን ብዬ በር ዘጋሁ። የተረፈው እንግዳው ነው። ከሞት ያዳነው በሽታው ነው። ለነባሮቹ ደግሞ ከንጹሕ ሰው የሚጠብቃቸው ባንዲራ አላበጀሁላቸውም።»

እዚያው ዳስ ውስጥ የልጅነት ጓደኛቸው ሐጅ ይማም ነበሩ፤ ሞጣ ላይ የታወቁ የጨው ነጋዴ። ነገሩን ሲሰሙ፣ ዓሣ ከሞተ በኋላ በጨው ሲቀመጥ አውቃለሁ፣ በሕይወቱ ጨው የሚለምን ግን ዛሬ ሰማሁ አሉና መጋዘናቸው ውስጥ የነበረውን የአሰብ ባሕር ጨው አንድ ጆንያ አሸከሙን። ስንመለስ አውቶቡሱ ላይ ጆንያውን በጉልበቴ መካከል ይዤ ነበር። ሌላ የምይዝበት ቦታ ስላልነበረ እንዳይመስልህ።

ብቸና ገብተን ገንዳውን በምንጭ ውኃ ሞላንና ጨው እየጨመርን በብልቃጧ ለካን። ቀዩ ክር ከውኃው ገጽ ጋር ልክ ለልክ ሲሆን ጋሽ ደምለው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። «ቀይ ባሕር አይደለም» አሉ። «ግን ይስማማኛል።»

ሰማያዊው ዓሣ ነጠብጣቡ ለቀቀው። አርባ ቀኑ ሞላ። እኔ በደስታ ቢጫውን ጨርቅ አወረድኩ። ጋሽ ደምለው ተቀበሉኝና ወደ ሳሎን ወስደው ትልቁ ገንዳ ላይ አሰሩት።

«ምነው ጋሼ?»

«ሦስቱን ውኃው ገደላቸው። ድንጋዩና አሸዋው ግን ውስጡ ምን እንደያዘ በምን አውቃለሁ? ባዶውን አርባ ቀን ይቆይ። በሽታ የሚኖርበት ዓሣ ካጣ በራሱ ያልቃል።»

አሁን ደግሞ ገንዳው ተገለለ። ውስጡ ማንም የለም፤ ፋኖሱ ግን ይነዳል፣ ካላማዳሪያው ይነፋል፣ አረፋው ይወጣል። ዓሣው እንደገና አልጋዬ ግርጌ። እኔ እንደገና ከሮንድ ነፃ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጓድ ፈንቴ አንድ ነገር ደብቆን ኖሯል። ለክፍለ ሀገሩ በየጊዜው ሪፖርት ይልካል። የሰፊው ሕዝብ ዓሦች ሞቱ ብሎ መጻፍ ከየት ይመጣል? ረቡ ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለውም ሪፖርት እንደገና ረቡ። አንድ ቀን ጠዋት የልዑካኑ ላንድሮቨር ሳይታሰብ ግቢያችን በር ላይ ቆመች። ወፍራሙ ካኪ ለባሽ ወረደ። ጓድ ፈንቴ ከኋላ እየሮጠ ደረሰ። ትንሹን ዓሣ ቶሎ አምጥተው ይጨምሩት እያለ በዓይኑ ይለምናቸዋል። ጋሽ ደምለው በዓይናቸው፣ ቀኑ አልሞላም አሉት።

ሳሎን ገባን። መሪው ወደ ገንዳው ተጠጋ። ድንጋይ። አሸዋ። አረፋ። በግራ በኩል ሄዶ አየ። በቀኝ በኩል ሄዶ አየ። ጎንበስ ብሎ አየ። ከተከታዮቹ አንዱ ማስታወሻውን ከፍቶ እስክሪብቶውን አወጣ። ጓድ ፈንቴ እስክሪብቶውን አየ። በዚያ ዘመን የሐሰት ሪፖርት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ልጅም ነበረው።

«የታሉ ዓሦቹ?» አለ መሪው።

ጋሽ ደምለውን አየኋቸው። ከአፋቸው ውሸት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ትልቁ ድንጋይ ጠቆሙ።

«ከድንጋዩ ሥር ናቸው» አሉ። «ስብሰባ ላይ።»

መሪው ድንጋዩን አየ። ጋሽ ደምለውን አየ። እንደገና ድንጋዩን አየ። ፊቱ ላይ ምንም ነገር የለም። ከዚያ ባርኔጣውን አስተካከለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያው አንረብሻቸው» አለ።

በእግሩ ጣት እየረገጠ ወጣ። ተከታዮቹም በጣታቸው እየረገጡ ተከተሉት። ጓድ ፈንቴ ከሁሉ ኋላ ወጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።